መሐል ላይ የሚጎብጠው መስመር

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ስክሪኔ ታሟል። የድልድዩን ተሸካሚ ብረት ሳሰምር መስመሩ መሐል ላይ ሲደርስ ይጎብጣል። ወደ ዳር ስወስደው ቀጥ ይላል፤ ወደ መሐል ስመልሰው እንደገና ይጎብጣል። ዕድሜዬን ሙሉ ቀጥ ያለ መስመር ሳሰምር የኖርኩ ነዳፊ ነኝ፤ መጀመሪያ በእርሳስና በማስመሪያ፣ ኋላ በኮምፒውተር። የጎበጠ ነገር ሳይ ጥርሴን ይበላኛል።

ሽቦን ጠራሁት። የቢሯችን የኮምፒውተር ቴክኒሻን ነው። ቀጭንና ረዥም ስለሆነ፣ ኪሱም ከሽቦ ስለማይለይ ሁሉም እንዲህ ይጠራዋል፤ እሱም ለምዶታል። ወንበሬ ላይ ተቀምጦ አየ።

“የቱ ጋ ነው፣ እትዬ?”

“ይኸው፣ መሐሉ ላይ።”

“ለእኔ ቀጥ ያለ ነው።”

“ተጠግተህ አይታይህም። ራቅ ብለህ እየው።”

ራቅ ብሎ አየ። ገመዱን ነቅሎ መልሶ ሰካው። “አሁንስ?” አለኝ። ትንሽ የተሻለው መሰለኝ፤ አመሰገንኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

አልተሻለውም።

ንድፉ በወሩ መጨረሻ ለብረት ቆራጮቹ መድረስ አለበት። ከወንዙ ማዶ ያሉ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለሉ ነው። ባለፈው የዝናብ ወራት አንዷን ውሃው ወስዷታል። ኢንጂነሩ ስብሰባ በጠራ ቁጥር ይህን ሳያነሳ አይውልም። የስክሪን ወሬ የማወራበት ጊዜ የለኝም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8፣ ማታ

ለአባዬ ጋዜጣ ሳነብለት አንድ መስመር ዘለልኩ። ተመልሼ ስጀምር ፊደሎቹ እርስ በርስ ተገፋፉብኝ። ቀኑን ሙሉ ያ ስክሪን ላይ አፍጥጬ እየዋልኩ ምን ይጠበቃል? ጠማማነቱን ተሸክሜ ቤት እገባለሁ።

“ምን ሆንሽ?” አለ አባዬ።

“አምፖሉ ነው። ደክሟል።”

 እንደ ልማዱ በጣቶቹ የሱሪውን ስፌት እየዳበሰ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊ ነበር። ማየት ከተወ ዓመታት አልፈዋል፤ ጣቶቹ ግን ዛሬም ስፌት ካገኙ ሳይመረምሩ አያልፉም።

“አምፖሉን መቼ ነው የቀየርሽው?” አለኝ ቆይቶ።

“ነገ እቀይረዋለሁ።”

“መቼ ቀየርሽው ነው እንጂ ያልኩሽ።”

አላስታውስም አልኩት። ውሸቴን ነው። አምፖሉ አዲስ ነው። ለምን እንደዋሸሁ እንጃ። ሰውየውስ በአምፖል ጉዳይ ምን አስጨነቀው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሽቦ ገመዱን በአዲስ ቀየረ። ከዚያ ቅንብሩን ከሥር ጀምሮ አስተካከለ። መስመሩ ያው ነው።

ፊት ለፊቴ የምትሠራው ቀያሿ ተነስታ መጣችና ከትከሻዬ በላይ አየች። “እህት ዓለም፣ ለእኔ የሚታየኝ ቀጥ ያለ መስመርና የጎበጠች ሴት ነው። ተነሺና ወገብሽን አፍታቺ” አለችኝ። ሳልወድ ሳቅሁ።

ሽቦ ግን አልሳቀም። “እትዬ፣ መነፅርዎን አሳይተውታል?” አለ ቀስ ብሎ።

“መነፅሬን ዓምና ነው የቀየርኩት። አንተ ስክሪኑን እይ፤ እኔን ተወኝ።”

ሰው ፊት ነው እንዲህ ያልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። ደግ ልጅ ነው፤ እኔም ክፉ ሴት አይደለሁም። ሥራ ሲበዛ አፍ ይቀድማል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

በጥድፊያ። ሽቦ ሌላ ስክሪን አመጣልኝ፤ የኢንጂነሩን የራሱን፣ አዲሱን። እሱም ጎበጠ፤ ያውም እዚያው ቦታ ላይ። ሦስተኛም ከመጋዘን አመጣ፤ ያው ነው። ከኤሌክትሪኩ ነው አልኩት። ሶኬት ቀየረ። ከግድግዳው ጀርባ የሊፍት ሞተር አለ፣ ማግኔቱ ይሆናል አልኩት። ጠረጴዛዬን ብቻውን ጎትቶ አራቀው። “ይሆናል” አለ። አፉ “ይሆናል” ይበል እንጂ ድምፁ አላለም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ንድፉን በወረቀት አተምኩት። ወረቀቱም ላይ ጎብጧል። ማተሚያው የስክሪኑን ስህተት እየቀዳ ነው ማለት ነው።

ይህን ጮክ ብዬ ስናገር ቀያሿ ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም። ይህች ሴት ነገር አግኝታ ምንም ሳትል የቀረችበትን ቀን አላስታውስም።

ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ስወርድ ከታች የሚያወሩ ነበሩ። “ስክሪንም ይደክማል፣ ሰውም ይደክማል” አለ አንዱ። ሌላው፣ “ለጡረታዋ ስንት ቀራት?” አለ። ስለ እኔ ላይሆን ይችላል። በዚህ ቢሮ ጡረታ የሚጠብቅ እኔ ብቻ አይደለሁ። ቢሆንም ድምፄን ሳላሰማ ተመልሼ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ኢንጂነሩ ዘንድ ገባሁ። ሽቦ ችላ ብሎኛል አልኩት። በእርግጥ ያልኩት “ትኩረት አልሰጠውም” ነው፤ እሱ ነው “ችላ ብሎዎታል ማለት ነው” ያለው። አዎ አልኩ።

አስጠራው። እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ።

“አንድ ስክሪን ማስተካከል እንዴት ያቅትሃል?”

“ስክሪኑ ደህና ነው፣ ጌታዬ። ሦስቱንም ሞክሬያቸዋለሁ።”

“እና እሳቸው ውሸታቸውን ነው?”

ሽቦ ወደ እኔ ዞረ። የሚናደድ መስሎኝ ነበር፤ ግን እርዳታ የሚጠይቅ ሰው አስተያየት ነው ያየኝ። “ያየሁትን ነው የምናገረው” አልኩ። “ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ መስመሩ ጎብጧል።”

ኢንጂነሩ ማስጠንቀቂያ እንደሚጽፍበት ነገረው።  ምን አጠፋሁ? ያየሁትን ተናገርኩ። ያላየሁትን አልጨመርኩም።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ዛሬ ቤት ነኝ። ልብስ ሳጥብ ዋልኩ፣ ስክሪን የሚባል አጠገቤ አልነበረም። የመስኮቱ ፍርግርግ ግን መሐሉ ላይ ጎብጧል። ቤቱ አርጅቷል፤ ግድግዳው ሲሰምጥ ብረቱን ተጭኖት ይሆናል። ግንበኛ መጥራት አለብኝ።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ትዝ ስትለኝ ዋለች። አባዬ ዓይኑን መታመም ሲጀምር የሚያማርረው መብራቱን ነበር። ክሩ ይጣመምብኛል ይል ነበር። መርፌውን ይወቅሳል፣ የስፌት መኪናውን ይፈታታል፣ የክር ነጋዴውን ሌባ ነው ይላል። ስንት ዓይነት መብራት ገዛንለት! እናቴ “ቤታችን የመብራት ሱቅ መሰለ” እያለች ትስቅ ነበር። ሐኪም ዘንድ ስንወስደው ጊዜው አልፎ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ “ዓይኔ” ነው የሚለኝ። ድሮም ይለኝ ነበር፣ ሰው ሁሉ ልጁን እንደሚለው። ያን ጊዜ ግን ቃሉ ሌላ ሆነ።

ይህን ዛሬ ለምን እንደጻፍኩት እንጃ። የእሱ እርጅና ነው። እኔ ገና ሥራ ላይ ነኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ተላከ! ፈርሜ ሰጠሁ። ያለወትሮዬ ሁለተኛ ሳልፈትሸው። ጊዜ አልነበረም። ጊዜ ነበር፤ ዓይኔ ስለደከመ ነው። እንቅልፍ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10



ጠዋት ፎርማኑ ከወንዙ ዳር ደወለ። ብረቱን አውርደው፣ አንደኛውን ተሸካሚ በገመድ አንስተው ምሰሶዎቹ ላይ ሊያሳርፉት ሲሞክሩ ማዶ አልደረሰም። አጥሯል። ሁሉም አጥረዋል። ሰው አልተጎዳም፤ ብረቱ ሳይሰቀል ነው የታወቀው። የማዶ ሰዎች ግን ሊያዩ ወጥተው ነበር አለ፤ ልጆቻቸውን ይዘው። ቆመው አይተው ተመለሱ።

ኢንጂነሩ በእጁ የጻፈውን ረቂቅ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። “ይህ ቁጥር ምንድን ነው?” አለኝ።

“ሦስት።”

“ስምንት ነው።”

አጎንብሼ አየሁ። ሦስት ነው። ጭንቅላቴን ትንሽ ዘወር አደረግሁ። ስምንት ሆነ። እንደገና ፊት ለፊት አየሁት፤ ግራ ጎኑ ተበልቶ ሦስት ሆነ። ቀያሿ መጻፏን አቁማለች። 

“እንዴት ነው ይህ የሆነው?” አለ ኢንጂነሩ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣም።

“ስክሪኑ ሲያስቸግረኝ እንደከረመ ታውቃለህ” አልኩ።

ይህንን ነው ያልኩት፤ ሌላ ምንም አላልኩም። የማንንም ስም አልጠራሁም። ረቂቁ ወረቀት እንጂ ስክሪን አለመሆኑን እሱም ያውቃል። ሰው የቸኮለ እንደሆነ ግን የቀረበለትን ይይዛል። ራሱን ነቀነቀና ወጣ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ሽቦን አሰናበቱት።

ዕቃውን ሲሰበስብ ጠረጴዛዬ ሥር የተወውን ጠመንጃ መፍቻ ሊወስድ መጣ። “ይቅርታ፣ እትዬ፣ እግርዎን” አለ። እግሬን አነሳሁለት። ወሰደ። “ደህና ይሁኑ” አለኝ። ደህና ሁን ሳልለው ወደ ስክሪኔ ዞርኩ።

ከሄደ በኋላ ቀያሿ ወደ እኔ ሳታይ፣ “አህያውን ፈርቶ ዳውላውን” አለች።

“ለእኔ ነው?”

“ለዳውላው ነው። ዛሬ እሱን የጠየቀው የለም ብዬ ነው።”

እሑድ፣ ኅዳር 15

ሁሉንም ልጻፈው።

ሳሎን ተቀምጠን ነበር። እኔ ጋዜጣውን ይዤ ራስ ምታት ነው ብዬ ማንበብ አቆምኩ። አባዬ፣ “ተነሺና መስኮቱ ጋ ቁሚ” አለ። ቆምኩ። “ፍርግርጉን እዪ። ቀኝ ዓይንሽን በእጅሽ ሸፍኚ።”

“አባዬ፣ ምንድን ነው?”

“ሸፍኚ ብዬሻለሁ።”

ከልጅነቴ ወዲህ በዚህ ድምፅ አናግሮኝ አያውቅም። ሸፈንኩ። ብረቶቹ ቀጥ አሉ፤ አንድም ሳይቀር።

“አሁን ግራውን።”

እጄን አዛወርኩ። ብረቶቹ ወደ መሐል ተሰበሰቡ፣ ተጣመሙ። መሐሉ ላይ ደግሞ ምንም የለም፤ እንደ እርጥብ ጨርቅ ያለ ግራጫ ነገር ነው። እንደዚያው እንደሸፈንኩ ወደ አባዬ ዞርኩ። ጆሮዎቹ ይታዩኛል። የሸሚዙ አንገትጌ ይታየኛል። ፊቱ የለም።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሱ እየዳበሰ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሽማግሌ ሰው መሬት ላይ ሲቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብደው የሚያውቅ ያውቃል።

“አምፖሉ ነው ያልሽኝ ለታ ነው ያወቅሁት” አለ።

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ፈራሁ።”

“እኔ እንዳልደነግጥ?”

የሱሪውን ስፌት ዳበሰ። “ለአንቺ ብዬ ፈራሁ ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር” አለ። “እኔን ማን ሊመራኝ ነው ብዬ ነው የፈራሁት። በየማታው ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፤ ከዚያ ጋዜጣውን ስታነቢልኝ እተወዋለሁ። አባት ነኝ እኔ?”

ልቆጣው ፈለግሁ። አልቻልኩም፤ በምን አፌ? ስለ ሽቦ ነገርኩት። ስለ ድልድዩ ነገርኩት። ሁሉንም ከሰማ በኋላ፣ “በሽታውን የደበቀ” ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው። ሁለታችንም የቀረውን እናውቀዋለን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ሐኪሟ ወጣት ናት። ረጋ ብላ ነው የምትናገረው። ከዓይን ጀርባ፣ ልክ የማየው ነገር በሚያርፍበት ቦታ፣ ደም ሲያፈስ ቆይቶ ጠባሳ ሠርቷል አለች። የቀኙ መሐል አይመለስም። ግራው አሁን ደህና ነው፤ ግን የዚያው ቤት ልጅ ነው፣ ይጠበቃል። ከጀመረ ወዲያው ከተደረሰበት በመርፌ ሊገታ ይችላል።

“መስመር መጣመም የጀመረብዎ መቼ ነው?”

ነገርኳት።

ብዕሯን አስቀመጠች። ቀድመው ቢመጡ ኖሮ አላለችም። እኔ ነኝ ያልኩት። “ቀድሜ ብመጣ ይድን ነበር?” አልኳት። “የተወሰነው ይተርፍ ነበር” አለች። አልዋሸችኝም፤ አከበርኳት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ለኢንጂነሩ ቆሜ ነው የነገርኩት። ይቀመጡ ቢለኝ እንዳላለቅስ ፈርቼ።

“ስክሪኑ ደህና ነበር። ሦስቱም ደህና ነበሩ። የተበላሸው የእኔ ዓይን ነው። ስምንቱን ሦስት ያነበብኩት ከወረቀት ላይ ነው፤ ሽቦ በዚህ ውስጥ እጁ የለበትም። ይህን ረቂቁን ስታሳየኝ አውቄዋለሁ። አውቄ ነው ዝም ያልኩት።”

ኢንጂነሩ እጁን አየ። ከዚያ፣ “እኔም ረቂቁ ወረቀት መሆኑን አላጣሁትም” አለ። “ስክሪን ነው ሲሉኝ ቀለለኝ። በእርስዎ ላይ ከመፍረድ በእሱ ላይ መፍረድ ቀለለኝ።”

ብረቱ በቅጥያ ይድናል አለኝ፤ ሒሳቡን ሠርቶታል። ሥራው ይዘገያል፣ ከዝናቡ በፊት ግን ይደርሳል። ንድፉን ቀያሿና አንድ ሌላ ነዳፊ ይጨርሱታል። እኔ ከእንግዲህ መስመር አላሰምርም። ይህን እሱ አላለም፤ እኔ ነኝ ያልኩት። ሽቦን ደውዬ እጠራዋለሁ ሲለኝ፣ መጀመሪያ እኔ ልሂድ አልኩት።

ጠረጴዛዬን ሳጸዳ ቀያሿ መጣችና ማስመሪያዬን አነሳች፤ የድሮዋን፣ ጫፏ የተሸረፈችዋን። “ይህቺን ለእኔ ተዪልኝ” አለች። ቀልድ ትጨምርበታለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጨመረችም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ሽቦን ያገኘሁት አንድ ስልክ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ለጓደኛው እየሠራ። ሲያየኝ ተነሳ። ወንበሩን ሰጠኝ፤ እምቢ አልኩ። ደንበኛ እስኪሄድ ጠብቄ ነገርኩት። ዓይኔን፣ ድልድዩን፣ ኢንጂነሩ ፊት ያልኩትንና ያላልኩትን። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ መሐሉ ላይ ጠፋኝ፣ እንደመጣልኝ ጨረስኩት።

ሽቦ መፍቻውን እያገላበጠ ሰማኝ።

“እኔ እኮ ዓይኔን ተመርምሬ ነበር” አለ።

“ምን?”

“ያኔ ጌታው የጠሩኝ ሳምንት። እርስዎ ሲምሉ ሰማሁ። እትዬ ውሸት አያውቁም፤ መስመር በማየት ደግሞ እሳቸውን የሚያህል የለም። እሳቸው ካዩት አለ ማለት ነው፣ እኔ ነኝ የማይታየኝ ብዬ ሄድኩ። ደህና ነው አሉኝ። አላመንኳቸውም። ሌላ ቦታ ሄድኩ። ማታ ማታ ሚስቴን በር ላይ አቁሜ፣ ‘ይህ መቃን ቀጥ ያለ ነው?’ እላታለሁ። ‘ነው’ ትለኛለች። እሷንም አላመንኳትም።”

 በመጨረሻ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሥራውን ያሳጣሁት መስሎኝ ነበር የመጣሁት። ዓይኑንም፣ ሚስቱንም እንዳያምን አድርጌው ነበር ለካ።

“ይቅርታ አድርግልኝ” አልኩት።

“እሺ” አለ።  “እሺ” ማለት ብዙ ዓይነት ነው፤ የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም፤ መጠየቅም መብቴ አይደለም። ስወጣ ደረጃ አለ ብሎ ክንዴን ይዞ አሳለፈኝ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ሽቦ ሥራ ተመልሷል። ቀያሿ ደውላ ነገረችኝ። እኔን ሲያነሱበት ዝም ይላል አለች። ይሁን።

ሐኪሟ በትንንሽ ካሬ የተሰመረ ወረቀት ሰጥታኛለች፤ መሐሉ ላይ ነጥብ አለው። በየጠዋቱ ቀኙን ሸፍኜ በግራዬ ነጥቡን አያለሁ። አባዬ ቁርስ ሳይቀምስ፣ “ዛሬስ?” ይለኛል። “ቀጥ ነው” እለዋለሁ። ከዚያ ዳቦውን ይቆርሳል።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 17

ዛሬ ጠዋት ከነጥቡ በስተግርጌ ያለች አንዲት መስመር ዝቅ ብላ ታየችኝ። በጣም ትንሽ ናት። ወረቀቱን ዳበስኩት፤ ተጨማዶ ይሆናል ብዬ። መስኮቱ ጋ ወስጄ አየሁት። ብርሃኑ ይሆናል ብዬ ወደ በሩ ወሰድኩት። ነገም ቀን ነው፣ ነገ ላረጋግጥ አልኩ በልቤ።

“ዛሬስ?” አለ አባዬ ከጠረጴዛው።

“ቀጥ” ብዬ ጀመርኩ። እጁ ዳቦው ላይ ቆሞ ነበር።

“አይደለም” አልኩ። “አንዷ ጎብጣለች፣ አባዬ።”

ዳቦውን አስቀመጠና ጫማውን ፈለገ። ሐኪሟ ዘንድ የደረስነው በሩ ሳይከፈት ነው። እሱ ክንዴን ይዞ፣ እኔ መንገዱን እየመራሁ። ከሰዓት በፊት መርፌውን ወጋችኝ። “መቼ ነው የታየዎት?” ስትለኝ፣ “ዛሬ” አልኳት።

ይህን የምጽፈው ግራ ዓይኔ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ በቀኙ ዳር ነው። ፊደሎቼ ከመስመሩ ወጥተው ከሆነ አይታየኝም። አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ያዳምጣል።